ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚቀር ሥራ

ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት፣ ለቤት ለቤት ኅብረቶችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ የጥናት ትምህርት

የሚነበብ ክፍል፦ ሉቃስ 10፥30-37፤ ሉቃስ 13፥10-17

የትምህርቱ ዓላማ፦ የአፍ ካንሰር ሕክምና አግኝቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው አንገቱ፣ ትከሻውና መንጋጋው እንዳይደነድን ቤተ ሰቡና ጉባኤው ምን ሊያደርጉለት እንደሚችሉ ማስተማር።

መግቢያ

ይህን ትምህርት የምንጀምረው ስሕተታችንን በመናገር ነው።

በ2014 ዓ.ም. በአንድ የገጠር አጥቢያ የሚያገለግሉ አንድ ሽማግሌ በምላሳቸው ጎን የወጣ ቁስል ከወር በላይ ሳይድን ቀረ። ተመርምረው የአፍ ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ እናንተ ደጋፊዎቻችን በላካችሁት ስጦታ የመንገዱንና የማደሪያውን ወጪ ሸፈንን። ሐኪሞች ዕጢውንና በአንገታቸው ያሉትን ንፍፊቶች በቀዶ ሕክምና አወጡ፤ ከዚያም ለስድስት ሳምንታት የጨረር ሕክምና ተሰጣቸው። ወደ ቤታቸው በተመለሱ ጊዜ ጉባኤው በእልልታ ተቀበላቸው። እኛም በመዝገባችን ላይ «ተፈጽሟል» ብለን ጻፍንና ዶሴውን ዘጋን።

ከአሥር ወር በኋላ ለሌላ ሥራ ወደዚያው አጥቢያ ስንሄድ ቤታቸው ለምሳ ጠሩን። ባለቤታቸው እንደ ወጉ ሊያጎርሷቸው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ እኚህ አባት አፋቸውን ከአንድ ጣት በላይ መክፈት አልቻሉም። ጉርሻው ከከንፈራቸው ተመለሰ። ከጎን ስንጠራቸው አንገታቸው አልዞር ስላለ መላ ሰውነታቸውን አዞሩ። ጉባኤውን ለመባረክ ያነሡት የነበረው ቀኝ እጅም ከትከሻ በላይ አይሄድም። «ምነው እንዲህ ሆኑ?» ብለን ስንጠይቅ ባለቤታቸው፣ «ልጆቼ፣ አንገትዎን አያንቀሳቅሱ፣ ዕረፉ ብላችኋቸው ነው እኮ የተቀመጡት» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ያንን ምክር የሰጠናቸው እኛው ነበርን። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ትክክል አልነበረም። ይህን ትምህርት ያዘጋጀነው ሌላው አጥቢያ ይህን ስሕተት እንዳይደግም ነው።

1. ሳምራዊው በማግሥቱ ያደረገው

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምንቆመው ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን ባሰረበት ላይ ነው። ጌታችን ግን ታሪኩን በዚያ አልጨረሰም። ሳምራዊው ሰውየውን ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ በማግሥቱም ለቤቱ ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ እንዲጠብቀው አደራ አለ፤ የሚጎድል ወጪ ቢኖርም ሲመለስ እንደሚከፍል ተናገረ። እንግዲህ ቁስሉን ማሰር የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሲሆን፣ አደራና ተመልሶ ማየት ደግሞ ከማግሥቱ ጀምሮ ያለው ሥራ ነው። እኛ የመጀመሪያውን ቀን ሥራ ሠርተን የማግሥቱን ተውነው።

2. አንገት የሚደነድነው ለምንድን ነው?

የአፍ ካንሰር የሚታከመው በቀዶ ሕክምና፣ በጨረር፣ አንዳንድ ጊዜም ከነዚህ ጋር በሚሰጥ መድኃኒት ነው። ጨረሩ ብዙ ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን ለስድስት ወይም ለሰባት ሳምንታት ይሰጣል። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ይህ ሕክምና የሚገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል።

ቀዶ ሕክምናው ከቆዳ በታች ጠባሳ ይተዋል። ጨረሩም ካንሰሩን ሲገድል በአካባቢው ያለውን ጤናማ ሥጋ ይነካል። የተነካው ሥጋ ሲጠገን እንደ ቀድሞው ለስላሳ ሆኖ ሳይሆን ጠጣርና የማይለጠጥ ሆኖ ነው። ይህም በአንድ ጊዜ አይመጣም። ቁስሉ ዳነ ከተባለ ከወራት በኋላ ይጀምርና ለዓመታት ቀስ እያለ ሊጨምር ይችላል። በሽተኛውም ቤተ ሰቡም የሚታለሉት በዚህ ምክንያት ነው። በመጀመሪያው ወር አንገቱ ደኅና ነው፤ በአሥረኛው ወር አልዞር ይላል።

የትከሻው ድካም ሌላ ምክንያት አለው። ትከሻን የሚያነሣው ጡንቻ ነርቭ በአንገት በኩል ያልፋል፤ ንፍፊቶቹ ሲወጡ ይህ ነርቭ ሊነካ ይችላል። በዚያን ጊዜ ትከሻው ወደ ታች ይወርዳል፤ ፀጉር ማበጠርና ልብስ ማስጣት ያስቸግራል።

ይህን ነገር የገጠር ሰው ከቁርበት ሊረዳው ይችላል። ቁርበት ተጥሎ ከተተወ ይደርቃል፤ በየጊዜው እየታሸ ከለፋ ግን ይለሰልሳል። የሰው ሥጋ ቁርበት ባይሆንም፣ ጥቂት ጥቂት በየቀኑ ማንቀሳቀስ ለአንድ ቀን በኃይል ከመሳብ ይሻላል የሚለው ትምህርት ለሁለቱም ይሠራል።

እውነቱን መደበቅ አይገባም፤ በቤት የሚደረገው እንክብካቤ የደነደነውን ሥጋ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው አይመልሰውም። ነገር ግን መደንደኑን ያዘገያል፣ ሕመሙን ይቀንሳል፣ ያልጠፋውን እንቅስቃሴ ያቆያል። ስለዚህ ቶሎ የጀመረ ይጠቀማል፤ ዘግይቶ የጀመረም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ።

3. በቤት የሚደረግ እንክብካቤ

ከሁሉ በፊት ሐኪሙን ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውን «መቼ ልጀምር? የማልነካው ቦታ አለ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። ከሌላ የሰውነት ክፍል ሥጋ ተወስዶ ከተተከለ ወይም መተንፈሻ ቱቦ ገብቶ ከነበረ ጥንቃቄው ይበልጣል።

ሀ. ለብ ያለ ጨርቅ። ከእንቅስቃሴው በፊት ንጹሕ ፎጣ በሞቀ ውኃ ነክሮና ጨምቆ አንገትና ትከሻ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማድረግ ሥጋውን ያላላል። ይሁን እንጂ የታከመው ቦታ ብዙ ጊዜ ደንዝዞ ስለሚቆይ ሰውየው ሳያውቀው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ሙቀቱን ሌላ ሰው በክርኑ ወይም በክንዱ ውስጠኛ ክፍል ይሞክር። ጨረር እየተሰጠ ባለበት ጊዜና ቆዳው ገና ቀይ ወይም የተላጠ ሳለ ሙቅም ሆነ በረዶ አይደረግበትም።

ለ. ጠባሳውን ማሸት። የሚጀመረው ክሩ ከወጣ፣ ቅርፊቱ ከረገፈና ቁስሉ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው። ይህም ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፤ ጨረር ለወሰደ ሰው ደግሞ ቆዳው ድኖ ሐኪም እስኪፈቅድ ይጠበቃል። እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ወይም ንጹሕ የምግብ ዘይት ጥቂት ቀብቶ፣ በሁለት ጣት ጠባሳው ላይ መለስተኛ ጫና ማድረግ ነው። ጣቱ በቆዳው ላይ ከሚንሸራተት ይልቅ ቆዳው ከጣቱ ጋር ይንቀሳቀስ። መጀመሪያ ክብ ክብ፣ ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ከዚያም ወደ ጎን እያሉ ለአምስት ደቂቃ ያህል በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ማሸት ይበቃል። የአንገትን ግራና ቀኝ በአንድ ጊዜ መጫን ክልክል ነው፤ የደም ሥሩን ተጭኖ ሰውን ሊጥል ይችላል።

ብዙዎች «የትኛው ዘይት ይሻላል?» ይላሉ። ማር፣ እሬት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ለጋ ቅቤ የደነደነ ሥጋ እንደሚፈቱ የተረጋገጠ ነገር የለም። ዘይት የሚያስፈልገው ጣት ቆዳውን እንዳይፍቅ ነው። የሚሠራው ዘይቱ ሳይሆን እጁ ነው።

ሐ. አንገትን ማንቀሳቀስ። ወንበር ላይ ጀርባን ቀጥ አድርጎ መቀመጥ፣ ትከሻን ማላላት። ከዚያ፦
— ፊትን ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ማዞር፣ መሳቡ ሲሰማ እስከ 15 መቁጠር፣ ወደ መሐል መመለስ፤ በግራም እንዲሁ።
— ጆሮን ወደ ትከሻ ማዘንበል፤ ትከሻው ግን አይነሣ።
— አገጭን ወደ ደረት ማውረድ፣ ከዚያ ወደ ጣራ ማየት።
እያንዳንዱን አምስት አምስት ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ መሥራት ነው። መሳብ ቢሰማ መልካም ነው፤ የሚወጋ ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ግን ወዲያው ይቁም። ራስን በሙሉ ክብ ማሽከርከር አያስፈልግም።

መ. ትከሻ። ትከሻን ወደ ጆሮ ማንሣትና ቀስ ብሎ ማውረድ፤ ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ወደ ኋላ ማቀራረብ፤ ግድግዳ ፊት ቆሞ ጣቶችን እያራመዱ ክንድን ወደ ላይ ማውጣት። ጣቶቹ የደረሱበትን ቦታ በከሰል ምልክት ማድረግ ያበረታታል። በተነካው ትከሻ በኩል ውኃና እንጨት መሸከም ሐኪም እስኪፈቅድ ለሌላ ሰው ይተው።

ሠ. አፍን መክፈት። ጤናማ ሰው ብዙ ጊዜ ሦስት የገዛ ጣቶቹን አቁሞ በጥርሶቹ መካከል ማስገባት ይችላል። ሁለት ብቻ ከገቡ መንጋጋው መያዝ ጀምሯል ማለት ነው። አፍን መሳቡ እስኪሰማ መክፈትና እስከ 10 መቁጠር፣ መንጋጋን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝና ወደ ፊት ማንቀሳቀስ፤ ይህን አምስት አምስት ጊዜ በቀን ብዙ ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። ሐኪም ከፈቀደ፣ ምላስ የሚጫንበትን ጠፍጣፋ እንጨት ደራርቦ በጥርሶች መካከል በማስገባት በየጊዜው አንድ እንጨት መጨመር ይቻላል። ጥርሱ ከተነቃነቀ ግን ይህ አይደረግም።

ረ. አፍና ጥርስ። ጨረር ምራቅን ያደርቃል፤ የደረቀ አፍ ደግሞ ጥርስን ያበላሻል። ውኃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት፣ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ጥርስን በለስላሳ ብሩሽ መቦረሽ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ የመጋገሪያ ሶዳ በጥብጦ ሳይውጡ መጉመጥመጥ ይረዳል። በርበሬ ለጊዜው ይቅር፤ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ለስላሳ ገንፎና በወተት የራሰ ዳቦ ይቅረብ። አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ይታወስ፦ መንጋጋው ጨረር የወሰደ ሰው ለጥርስ ሐኪሙ ይህን ሳይነግር ጥርስ አያስነቅል፤ ከዓመታት በኋላም ቢሆን። አጥንቱ ሳይድን ቀርቶ ሊበሰብስ ይችላል።

ሰ. አኗኗር። የታከመውን አንገት በነጠላ ወይም በለስላሳ የጥጥ ልብስ ከፀሐይ መከለል፤ ሲጋራና ሱረትን፣ መጠጥንም ፈጽሞ መተው። ጠዋት ጠዋት አገጭ ሥር የሚያብጥ ከሆነ በአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር ጡብ ወይም ጠርብ አስገብቶ ከፍ ማድረግ ያግዛል። ትራስ መቆለል ግን አገጭን ወደ ደረት ስለሚያጥፍ አይመከርም።

4. የማይደረጉ ነገሮች

— ወጌሻ አንገቱን እንዲጠመዝዝ ወይም እንዲስብ አይደረግ። የወጌሻን ሙያ አንንቅም፤ በጨረር የደከመ አጥንትና የደም ሥር ግን ጥምዘዛን አይችልም።
— መተኮስ፣ ዋግምት፣ መብጣት ፈጽሞ ይቅር። የተነካው ቆዳ ደሙ ያነሰ ስለሆነ አዲስ ቁስል በቀላሉ አይድንም።
— ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ መለጠፍ ቆዳውን ያቃጥላል።
— በጸሎት ጊዜ እጅ ስንጭን ራሱን ይዘን አንወዝውዝ።
— «አምነሃልና ቀጠሮህን ተው» አይባል። የፈወሰው ጌታ የሐኪምን ዓይን አይፈራም።

5. ወደ ሐኪም የሚያስመልሱ ምልክቶች

አዲስ እብጠት በአንገት ላይ፤ በአፍ ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ወይም ነጭና ቀይ ምልክት፤ መድማት፤ ትኩሳትና መግል፤ ውኃ ሲጠጡ ትን እያለ ማስቸገር፤ ክብደት መቀነስ፤ በድድ ላይ አጥንት መታየት፤ በፍጥነት እየባሰ የሚሄድ ሕመም። መተንፈስ ካስቸገረ ወይም ደም በብዛት ከፈሰሰ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠበቅ።

ሌላም አለ። አንገት ላይ ጨረር ከተሰጠ በኋላ በጉሮሮ ፊት ያለው የታይሮይድ ዕጢ ቀስ በቀስ ሊደክም ይችላል። በዚያን ጊዜ ሰውየው ይዝላል፣ ብርድ ይሰማዋል፣ ያንቀላፋል፣ ልቡም ይከብደዋል። ይህ ስንፍና ወይም የእምነት መድከም ተብሎ እንዳይተረጎም እንለምናችኋለን። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በኪኒን ይታከማል።

6. የጉባኤው ድርሻ

በቤተ ክርስቲያን ቋንቋችን «አንገተ ደንዳና» የምንለው የማይታዘዘውን ሰው ነው። እኚህ አባት ይህ ቃል በስብከት በተነሣ ቁጥር አንዳንድ ወጣቶች ወደ እርሳቸው እየዞሩ ፈገግ ይሉ እንደ ነበር ነገሩን። «እኔ ደግሞ ዞሬ ላያቸው እንኳ አልችልም» አሉን። ከዚያ በኋላ ኋላ መቀመጥ ጀመሩ፤ ቆይተውም ቀሩ።

በሉቃስ 13 ላይ ለአሥራ ስምንት ዓመት ጎብጣ ቀና ማለት ያልቻለች ሴት በምኵራብ ነበረች። ጌታ አያት፣ ጠራት፣ እጁን ጫነባት። ከመፈወስ በፊት ማየት እንደሚቀድም ልብ እንበል። የምኵራቡ አለቃ ያሳሰበው ቀኑ ነበር፤ ጌታን ግን ያሳሰበችው ሴቲቱ ናት። እኛም የዶሴው መዘጋት አሳስቦን ሰውየውን ሳናይ ቀርተናል። ደግሞም ይህን ክፍል ስናነብ ቀና ያላለውን ሰው «አላመንህም» ለማለት ማንም አይጠቀምበት።

ስለዚህ እያንዳንዱ አጥቢያ የሚከተለውን እንዲያደርግ እንመክራለን።

አንደኛ፣ ታክሞ ለተመለሰ ሰው ሁለት ሰዎች ይመደቡለት። ሥራቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ ሄደው እንቅስቃሴውን አብረው መሥራት ነው። ብቻውን የሚሠራ ይሰለቻል።

ሁለተኛ፣ በወር አንድ ጊዜ ይለካ። አፉ ስንት ጣት ይከፈታል? ወደ ጣራ ሲያይ ከአገጩ እስከ ደረቱ አጥንት ያለው ርቀት በክር ስንት ነው? ክሩን በደብተር ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ከባለፈው ወር ካጠረ ለጤና ጣቢያ ይነገር።

ሦስተኛ፣ ለክትትል ቀጠሮ የመሳፈሪያ ገንዘብ ይያዝ። ካንሰሩ የሚመለስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ስለሆነ ቀጠሮ መዝለል አደገኛ ነው። እኛም በበኩላችን ከእንግዲህ የእንዲህ ዓይነቱን በሽተኛ ዶሴ ከሁለት ዓመት በፊት ላለመዝጋት ወስነናል። ደጋፊዎቻችን የምትልኩት ስጦታ ለመሄጃ ብቻ ሳይሆን ለመመለሻና ዳግመኛ ለመሄጃም መሆኑን ዕወቁልን።

አራተኛ፣ በማዕድ ላይ ይታሰብ። ቀስ ብሎ የሚበላ ሰው ሌላው ጨርሶ ሲነሣ ያፍራል። ቀድሞ ይቅረብለት፣ ወይም አብሮት የሚቆይ ሰው ይኑር።

መደምደሚያ

ወደ እኚያ አባት እንመለስ። ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ ሐኪም ካያቸው በኋላም ባለቤታቸውና ሁለት ወጣቶች ሥራውን ጀመሩ። ከወጣቶቹ አንዱ በስብከቱ ጊዜ ከሳቁት መካከል ነበር። በአምስተኛው ወር አፋቸው ሁለት ጣት ያህል ተከፈተ። አንገታቸው በቀኝ በኩል ዛሬም በደንብ አይዞርም፤ ይዞራልም ብለን ቃል አልገባንላቸውም። እጃቸው ግን ከጆሮአቸው በላይ ወጥቷል፤ በእሑድ ጉባኤ መጨረሻም ያነሡታል። ባለቤታቸው ጉርሻውን ትንሽ አድርገው ይጠቀልላሉ፤ እርሱም ይገባል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሳምራዊው በማግሥቱ ያደረገውን በሦስት ነጥብ ዘርዝሩ። በአጥቢያችን ከእነዚህ የጎደለው የትኛው ነው?
2. ታክሞ የተመለሰ ሰው አንገቱ ወዲያውኑ ሳይሆን ከወራት በኋላ የሚደነድነው ለምንድን ነው?
3. ሙቀት ሲደረግ፣ ጠባሳ ሲታሽ፣ ጥርስ ሲነቀል ምን ዓይነት ጥንቃቄ ያስፈልጋል?
4. በአካባቢያችን ለአንገት ሕመም ከሚደረጉ ልማዶች የማይጎዱትና የሚጎዱት የትኞቹ ናቸው?
5. ሳናስበው በቃላችን ያሳፈርነው በሽተኛ አለን? ምን እናድርግለት?

የተግባር ሥራ፦ ሁላችሁም ተቀምጣችሁ የአንገቱን እንቅስቃሴ በአንድነት ሥሩ። በዚህ ሳምንትም ከካንሰር ሕክምና የተመለሰ ሰው በአጥቢያችሁ መኖሩን ጠይቃችሁ ጎብኙ።

የጸሎት ርእስ፦ በየቤታቸው ሆነው ጥቂት ጥቂት ለሚታገሉ ሕሙማን፤ እጃቸው ሳይሰለች ለሚያሽላቸውና ለሚያጎርሳቸው ቤተ ሰቦች፤ ለሐኪሞችና ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች፤ እኛም የማግሥቱን ሥራ እንዳንረሳ።